«ተረጋግጧል» ለማለት ገና ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደብረ ማርቆስ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ስለ ዳርክ ማተር፣ በጠፈር አለ ስለሚባለው የማይታይ ቁስ፣ ባወጣችሁት ጽሑፍ «መኖሩ ተረጋግጧል» የሚል አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። አንዲት ተማሪዬም ጋዜጣውን ይዛ መጥታ፣ «መምህር፣ ካለቀ ለእኛ ምን ቀረልን?» አለችኝ።

ነገሩን በወንጭፍ ነው የማስረዳቸው። ልጅ ሆኜ ከደጀን በታች፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ማሳ ማማ ላይ ቆሜ የማሽላ ወፍ እጠብቅ ነበር። ወንጭፉን ባፈጠንኩት ቁጥር ገመዱ ጣቴን ይቆርጠኝ ነበር። ድንጋዩ ሲፈጥን የሚይዘው ኃይልም መበርታት አለበት። በጋላክሲ ድንጋዩ መሀሉን የሚዞረው ኮከብና ጋዝ ነው፤ ገመዱ ስበት ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፍጥነቱን ሲለኩት ግን ዳር ያለው መሀል ካለው እኩል ይከንፋል። የሚታየው ኮከብና ጋዝ ብቻውን ያንን ሁሉ አይይዝም። ታዲያ ማን ያዘው?

ወይ የማናየው ቁስ አለ፣ ወይ የስበት ሕጋችን ይስታል። የፊዚክስ ተመራማሪው ሞርደሃይ ሚልግሮም በ1983 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሁለተኛውን ነው፤ ስበት እጅግ ሲደክም ሕጉ ይለወጣል ይላል።

ሁለቱም መንገድ ድሮ ሠርቷል። ዩራነስ ከስሌቱ ስትወጣ «ያላየናት ፕላኔት አለች» ተባለ፤ በ1846 ኔፕቲዩን ተገኘች። ሜርኩሪ ስታስቸግርም ቫልካን የምትባል ፕላኔት ተፈለገች። ብትታሰስ ብትታሰስ የለችም። ጉድለቱ የኒውተን ሕግ ላይ ነበር፤ አንስታይን በ1915 አቃናው።

እውነቱን ለመናገር እኔ ወደ ዳርክ ማተሩ አደላለሁ። ቡሌት ክላስተር በሚባለው ቦታ ሁለት የጋላክሲ ክምችቶች ተጋጭተው ጋዛቸው መሀል ላይ ቀርቷል። ከኋላቸው የሚመጣው ብርሃን በስበታቸው መታጠፉ ግን አብዛኛው ክብደት ጋዙን ጥሎ እንዳለፈ ያሳያል። ሕጉን ብቻ በመቀየር ይህን ማስረዳት በጣም ይከብዳል። ቢሆንም ቁሱን የጨበጠው የለም። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመሬት በታች፣ 10 ቶን ፈሳሽ ዜኖን (ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ) ተቀምጦ፣ የዳርክ ማተር ቅንጣት መጥቶ እስኪመታው ይጠበቃል። እስካሁን አልመጣም።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም «ተረጋግጧል» የሚለውን አርሙልን። ቆርጬ ክፍል ውስጥ እለጥፍላታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ