ጆሮሽን ሲያምሽ ለምን ደበቅሽኝ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጡዬ፤

ትናንት ከሰዓት በኋላ መምህርሽ ደውለው ጆሮሽን ካመመሽ 4 ቀን እንዳለፈሽ፣ ሲጠይቁሽም «ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ፣ የራሷ ይበቃታል» ብለሽ እንደለመንሻቸው ነገሩኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከአልጋው ጫፍ አልተነሣሁም። የ10 ዓመት ልጅ ሕመሟን የምትደብቀው ከቤቷ ተምራ ነው፤ ከማን እንደተማርሽውም አላጣሁትም።

33 ዓመቴ ነበር። አንቺን በሰማያዊው ሳፋ አጥቤ ራሴን ስለቃለቅ በቀኝ ጡቴ ላይ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ዳሰስሁ። አላመመችኝም። በሰፈራችን ነቀርሳ፣ ማለትም ካንሰር፣ የሚለው ቃል «ያ ክፉ በሽታ» እየተባለ በሹክሹክታ ስለሚነገር፣ ስሙን ካልጠራሁት የሚያልፈኝ መስሎኝ ለአባትሽም ለአያትሽም ሳልናገር 14 ወር ኖርሁ። እንጦጦ ማርያም ጸበል እመላለስ ነበር፤ በጸበሉ ግን አላሳብብም፣ ቄሱ ራሳቸው «ለሐኪምም ታይ» ሲሉኝ «እሺ አባቴ» ብዬ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ጥቁር አንበሳ የደረስሁት እብጠቱ ብብቴ ውስጥ ገብቶ፣ ወገቤም ደረጃ መውጣት ሲከለክለኝ ነው። አጥንቴ ላይ ደርሶ ነበርና አራተኛ ደረጃ አሉኝ፤ ይህም ሕክምናው ዕድሜ ይጨምራል፣ ሕመም ያስታግሣል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም ማለት ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ልጄ፣ የሚያምሽን አትደብቂ።

በየ21 ቀኑ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት በምወስድበት ጊዜ፣ ሽንት ቤት ገብተሽ ቀይ ሽንቴን አይተሽ የጮኽሽበትን ቀን አትረሺውም። እኔም «ቀይ ሥር በልቼ ነው» አልሁሽ። ውሸቴን ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጠኝ መድኃኒት ራሱ ቀይ ስለሆነ አንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል። ከዚያ በኋላ ቀይ ሥሩን ከሰላጣሽ እየለቀምሽ ወደ ሳህኑ ዳር ስታወጪ እያየሁ፣ ወር ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ከቁም ሳጥኑ አናት ያለውን የሞርፊን ጠርሙስ አንቺም ወንድምሽም እንዳትነኩት፤ ለእኔ ሕመም የተለካ ነው፣ ልጅን ይገድላል። የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሲሰጥ ክንድሽን አትንፈጊ፤ የእኔን ዓይነት ባይከላከልም ያኛውን ይከላከላል። 25 ዓመት ሲሞላሽ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ «እናቴ በ34 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባታል» በይ። እኔ ስለ አክስቴ ስጠየቅ ከ«ምች መታት» በቀር የምመልሰው አልነበረኝም፤ በቤታችን እንዲያ ነበር የሚባለው፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

የሚያምሽን አትደብቂ ብያለሁ፤ ለእኔ አዝነሽም ቢሆን አትደብቂ። አንቺን ማስታመም አይከብደኝም፤ እናት ነኝ እኮ!

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። እንደ ድሮው ከጊዮርጊስ ቁልቁል በእግሬ መውረድ ስለማልችል ታክሲ እንይዛለን። ዛሬ ማታ አያትሽ ዘይት እናድርግበት ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ፤ ነጠላዬን ተከናንበሽ ተኚ። የትኛው ጆሮሽ እንደሆነ መምህርሽን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ መጥተሽ አሳዪኝ።

እናትሽ