መርከበኛ የመርከብ ዕዳ መያዣ አይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባቦጋያ ባለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተምሬ በአንድ የውጭ መርከብ ላይ ሦስተኛ መሐንዲስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን የመርከቡ ባለቤት ስልክ ማንሳት አቆመ። ከአንድ የገልፍ ወደብ ፊት ለፊት መልህቅ ጥለን ሰባት ወር ቆምን። ሕንዳዊው ኩክ (ምግብ አብሳያችን) ሩዙን በሻይ ብርጭቆ እየሰፈረ ይሰጠን ነበር። ጀነሬተሩ ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይነሳል። ያኔ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን እንሰለፋለን። ለወደቡ ሰዎች ስንጮህ፣ «መርከቡን ያለ ጠባቂ ጥላችሁ መውጣት አትችሉም፤ ባንዲራችሁ ወዳለበት አገር ጻፉ» አሉን። መርከቡ የተመዘገበበትን፣ ባንዲራውን የሚያውለበልብለትን ያንን አገር ከመካከላችን ያየው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የመርከበኞች የሥራ ስምምነት የሚለው ግልጽ ነው። ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው መርከበኛ ባለቤቱ ጥሎት እንደሄደ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ መርከቡ መድን ሊኖረው ግድ ነው። መድኑ እስከ አራት ወር ደመወዝ፣ ምግብና የመመለሻ ትኬት ይሸፍናል። ባለቤቱም መድኑም ከሌሉ ኃላፊነቱ የባንዲራው አገር ነው። እሱም ዝም ካለ የወደቡ አገር ወይም የመርከበኛው አገር መርከበኛውን ወደ ቤቱ መልሶ፣ ወጪውን ከባንዲራው አገር መጠየቅ «ይችላል»። ችግሩ እዚህች ቃል ላይ ነው። ይችላል እንጂ አለበት አይልም።

አማን የተባለችው የባህሬን ባንዲራ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2017 ግብፅ ውስጥ ስትያዝ፣ ፍርድ ቤት አንድ ሶርያዊ መኮንን የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ አደረገው። እስከ 2021 መውጣት አልቻለም። እናቱ የሞቱት እሱ መርከቧ ላይ እያለ ነው። በኋላ መርከቧ ወደ ባህሩ ዳር ስትጠጋ፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግና ምግብ ለመግዛት እየዋኘ ይወጣ ነበር።

ወደብ ጠባቂ ካስፈለገው ከዚያው ሰው ቀጥሮ ያስገባ። ደመወዙን መርከቡ ሲሸጥ ይውሰድ። መርከበኛውን ግን መጀመሪያ ወደ ቤቱ ይላክ። የክስ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እኔ የወጣሁት ወንድሜ በላከልኝ የትኬት ገንዘብ ነው፤ ያውም ሌሎች ለጥበቃ ስለቀሩ። ኩኩ ከቀሩት አንዱ ነበር።

ዛሬ ውል ለሚፈርሙ ልጆቻችን አንድ ነገር ልንገር። የመድኑ ማስረጃ መርከቡ ላይ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። የኛም መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ቀኑ ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። ወደ ሞተር ክፍል ስወርድ በየቀኑ አጠገቡ አልፍ ነበር፤ ያነበብኩት ግን ከቆምን በኋላ ነው።

የቀድሞ የመርከብ መሐንዲስ
ከቢሾፍቱ