ሰገሌን ስታነሡ ቶራ መስክን አትዝለሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ስለተካሄደው የሰገሌ ጦርነት ያወጣችሁት ጽሑፍ የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን ተሸናፊ ብቻ አድርጓቸዋል። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የጦር አዛዥ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደምስሰው ነበር እኮ! ራስ ልዑልሰገድም የወደቁት እዚያው ነው። ከድሉ በኋላ ግን የሸዋው ወገን የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ወዳጅ መስለው ደብዳቤ ላኩባቸው፤ እሳቸው ሲዘናጉ የሸዋ ጦር ተሰባሰበ። ያቺ ደብዳቤ ከመድፍ በለጠች። የወሎ ሰው ብሆንም ብልጠቱን አደንቃለሁ።

እዚህ ደሴ፣ ንጉሡ ባሠሩት በአይጠየፍ አዳራሽ በኩል ስናልፍ አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ንጉሡ «በልጃቸው ተቃጠሉ» ይሉ ነበር። ለጦርነቱ መነሻ የሆነውን፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን ከሥልጣን መሻራቸውን ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ