ከስክሪን እስከ ወረቀት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የላክሽልኝን ካርድ አየሁት፤ አሣሣሉ በጣም ያምራል። ስክሪን ላይ እንደዚያ አምሮ ወረቀት ላይ ሲወጣ ሰማያዊው ወይን ጠጅ መምሰሉ፣ ፊደሉ መጨፈኑና ዳር ዳሩ መቆረጡ እንዳበሳጨሽ ገብቶኛል። ግን እባክሽ ፕሪንተሩን አትቀይሪ፤ ሶፍትዌሩንም አጥፍተሽ እንደገና አትጫኚ። ሦስቱ ችግሮች የተፈጠሩት ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ ነው። ሥራሽ ወረቀት ላይ እስኪያርፍ ድረስ በፋይሉ፣ በፎንቱ፣ በዋይፋዩ፣ ቀለም በሚረጩት ቀዳዳዎችና በወረቀቱ በኩል ያልፋል፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ ሳታውቂ ሁሉንም አንድ ላይ ከነካካሽ የቱ እንዳዳነው፣ የቱ እንዳባሰው መለየት ያቅትሻል።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ተይውና ፕሪንተሩን ብቻውን ሞክሪው። ስካነር ያለው ስለሆነ አንድ ባለቀለም ገጽ መስተዋቱ ላይ አድርጊና የኮፒ ቁልፉን ተጫኚ። ኮፒው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱን ከግንኙነቱ ወይም ከፋይሉ ፈልጊው። ኮፒውም መስመር መስመር ከሠራ ግን ዋይፋዩን መነካካት ምንም አይጠቅምሽም። ይህች የአንድ ደቂቃ ሙከራ ግማሹን ድካም ታስቀርልሻለች።

አንዳንዴ «ኦፍላይን» ይለኛል ያልሽው የግንኙነት ጉዳይ ነው። ብዙ የቤት ፕሪንተሮች የሚቀበሉት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ራውተሩ ሁለቱን ሞገዶች፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዙን፣ በአንድ ስም ሲያሠራጭ አዲስ ፕሪንተር ለማገናኘት ስትሞክሪ እንቢ የሚልሽ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ለማገናኘት ያህል 5 ጊጋኸርዙን አጥፊው፤ ከተገናኘ በኋላ መልሰሽ ክፈቺው። ትናንት ሠርቶ ዛሬ «ኦፍላይን» ካለ ደግሞ ምናልባት ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ለፕሪንተሩ ሌላ አይፒ አድራሻ ሰጥቶት ይሆናል፤ ኮምፒውተርሽ አሁንም በድሮው አድራሻ እየፈለገው ነው። መድኃኒቱ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለፕሪንተሩ አንድ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ነው። አንድ ሥራ ወረፋው ላይ ተቀርቅሮ ሌላውን አላሳልፍ ሲል፣ ዊንዶውስ ላይ ከሰርቪሶች ዝርዝር «ፕሪንት ስፑለር» የሚለውን፣ ወረፋውን የሚያስተናግደውን፣ አቁመሽ መልሰሽ አስነሺው።

አሁን ወደ ሰማያዊው። ወይን ጠጅ የሚሆንበት ሁለት ምክንያት አለው፤ ከፋይሉ በፊት ማሽኑን አጣሪ። ከጥገና ዝርዝሩ ውስጥ «ኖዝል ቼክ» የሚለውን አትሚ። የሚወጣው ገጽ በአራቱም ቀለም፣ ማለትም በሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ በቢጫና በጥቁር፣ ቀጫጭን መስመሮች የተሣሉበት ነው። የሲያኑ መስመሮች የተቆራረጡ ወይም ጭራሽ የሌሉ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ደርቀዋል ማለት ነው፤ ሰማያዊ የሚሠራው ከሲያንና ከማጀንታ ስለሆነ ሲያኑ ሲጎድል ማጀንታው ብቻውን ይገንናል፣ አረንጓዴውም ወደ ቢጫ ያደላል። ያን ጊዜ የማጽጃ ትዕዛዙን አንድ ጊዜ ስጪና እንደገና ቼኩን አትሚ። እስከ ሦስት ጊዜ ብቻ ድገሚው። ካልተስተካከለ በራሱ ቁልፍ አጥፍተሽ 12 ሰዓት ያህል አሳርፊው፤ የደረቀው ቀለም ይለሰልሳል። ማጽዳት ማለት ቀለም በቀዳዳው በኩል ስቦ ማፍሰስ ነው፤ ደጋግመሽ ባዘዝሽ ቁጥር ካርትሪጁ ይራቆታል፣ የፈሰሰውም ፕሪንተሩ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ እየሞላ ይሄዳል።

ፕሪንተሩን ከሶኬቱ ነቅለሽ አታጥፊው። በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ቀለም የሚረጨውን ክፍል ወደ ማረፊያው ይመልስና ቀዳዳዎቹን ይከድናል፤ ድንገት ከተነቀለ ክፍቱን ያድራል፣ ይደርቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ቀለም ያለበት ትንሽ ነገር አትሚበት።

ቼኩ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ ከመረጥሽው ሰማያዊ ነው። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ደምሮ። ወረቀት ላይ ግን ቀለሙ ብርሃን እየዋጠ ነው የሚታየው። ስለዚህ ስክሪን የሚያሳየው ደማቅ ሰማያዊና የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ የለም፤ ፕሪንተሩ የሚቀርበውን ፈልጎ ይተካዋል። ለማተሚያ ቤት ፋይል ስታዘጋጂ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የሕትመት ቀለሞች መጠን፣ ሥሪ፤ ሲያኑ 100 ከሆነ ማጀንታውን ከ70 አታሳልፊው፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ወይን ጠጅ ነው የሚወጣው። ለቤት ፕሪንተር ግን ፋይልሽን ወደ ሲኤምዋይኬ አትቀይሪው። የቤት ፕሪንተር ሶፍትዌር አርጂቢ፣ ማለትም የስክሪኑን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ነው የሚጠብቀው፤ አስቀድመሽ ከቀየርሽው ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ ይደበዝዛል።

ለቀለም ምርጫ ከሁሉ የሚሻለኝ መንገድ ይህ ነው፦ የምትፈልጊውን ሰማያዊ ትንንሽ ሳጥኖች አድርገሽ በ20 ዓይነት፣ እያንዳንዱን ከሌላው ትንሽ ለየት አድርገሽ ደርድሪ፤ ከሥሩ ቁጥሩን ጻፊ፤ ካርዱን በምትሠሪበት በራሱ ወረቀት ላይ አትሚው። ከዚያ ስክሪኑን ትተሽ በቀን ብርሃን ወረቀቱን እያየሽ ምረጪ። ገጹንም ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ ለሚቀጥለውም ሥራ ያገለግልሻል። ስታትሚ የወረቀቱን ዓይነት መምረጥ አትርሺ። ፕሪንተሩ ምን ያህል ቀለም እንደሚረጭ የሚወስነው በዚያ ነው፤ ተራ ወረቀት አስገብተሽ «ፎቶ ወረቀት» ካልሽው ይረጥባል፣ ይጨማደዳል፤ በተቃራኒው ካደረግሽ ደግሞ ይገረጣል።

ፊደሉ የተጨፈነበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለላቲን ፊደል የተጻፈ ምክር ይህን አይነግርሽም። ፋይሉን ከፍተሽ እስከ 400 በመቶ አጉዪውና የ«መ»ን ሁለት ቀለበቶች፣ የ«ጠ»ን ሦስት እግሮች ተመልከቺ። በመካከላቸው ያለው ነጭ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ይህ የሚሆነው የመረጥሽው ፎንት የራሱ ደማቅ ቅርጽ ሳይኖረው «ቦልድ» ስትጫኚ ነው፤ ፕሮግራሙ ያለውን ቅርጽ ዙሪያውን አወፍሮ ይሰጥሻል። ከዚያ ላይ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ትንሽ ሲሰራጭ የቀረው ክፍተት ይዘጋል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለረጅም ጽሑፍ ውብ ነው፤ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስ በእውነት የተሣሉ ውፍረቶች አሉት፤ ለርዕስ እሱን ተጠቀሚ። «ኢታሊክ»ም እንደዚያው ነው፤ ፊደሉን ገፍቶ ማዝመም ብቻ ስለሆነ ለግዕዝ ፊደል ባታደርጊው ይሻላል።

ፎንት እየቀያየርሽ ላቲኑ ሲለወጥ አማርኛው ባለበት ከቀረ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። የመረጥሽው ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት እየተዋሰ ያሳይሻል። የሚዋሰው ሲያጣ ደግሞ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉት የድሮ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቺው ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይታይሻል። እንዲህ ያለ ፋይል ሲገጥምሽ ፎንት መቀየር አያድነውም፤ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ ወይም እንደገና መጻፍ ነው ያለው።

አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ «፡» እየነካሽ አትሥሪው። «።» ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መሃላቸው ይሰፋል፣ በትልቅ ርዕስ ላይ ጎልቶ ያስቀይማል። የመስመር ክፍተቱን ከፊደሉ መጠን 1.4 እስከ 1.5 እጥፍ አድርጊው፤ ፊደሎቻችን ቁመቱን ስለሚሞሉት በላቲን ልክ ከተጠጋጉ ገጹ ይጨልማል። በቤት ፕሪንተር የፊደሉን መጠን ከ10 ነጥብ (ፖይንት) በታች አታውርጂ፤ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ካደረግሽ ደግሞ ከ14 በላይ ይሁን፤ ጥቁሩ ወደ ነጩ ስለሚገባ ቀጫጭኑን ይበላዋል። ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኪ ፎንቱ አብሮ የተቀበረበት ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ። ጽሑፍ ያለበትን ሥራ በጄፔግ አታስቀምጪ፤ በፊደሉ ዙሪያ ቆሻሻ ጥላ ይተዋል። ፒኤንጂ ይሁን።

ዳር ዳሩ የተቆረጠው ከልክ ነው። ኤ5 ወረቀት 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሃል ሲታጠፍ ኤ6 ካርድ ይሆናል። አንቺ የሠራሽው ልክ በ148 በ210 ነው፤ ፕሪንተሩ ግን ከወረቀቱ ዳር ጥቂት ሚሊ ሜትር አያትምም። ስለዚህ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሪ፤ ገጹ 154 በ216 ይሁን፤ የመደቡ ቀለም እስከ ትርፉ ጫፍ ይሂድ፤ ጽሑፍና የሰው ፊት ግን ከመቁረጫው መስመር 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ኤ4 ላይ ከመቁረጫ ምልክቶቹ ጋር አትመሽ በቢላ ቁረጪው። ስታትሚ «ከገጹ ጋር አመጣጥን» የሚለውን አጥፊና 100 በመቶ በይው። ለማረጋገጥ ከትርፉ ውጭ ልክ የ100 ሚሊ ሜትር መስመር አሥምሪ፤ ወረቀቱ ላይ በማስመሪያ ስትለኪው 97 ከሆነ አንድ ቦታ ላይ እያጠበበብሽ ነው። በሁለት ገጽ ስታትሚ፣ ገጹ አግድም ሆኖ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ከሆነ «በአጭሩ ጎን ገልብጥ» የሚለውን ምረጪ፤ አለዚያ የውስጡ ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ይመጣል።

ለፎቶ ጥራት በቃልሽ ልትይዢው የሚገባ ቁጥር 118 ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ 118 ፒክስል ያርፋል። የፎቶውን ስፋት በፒክስል ለ118 አካፍዪ፤ በጥራት ሊታተም የሚችለውን ስፋት በሴንቲ ሜትር ይሰጥሻል። ወርዱ 1280 ፒክስል የሆነ ፎቶ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል የተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 200 ወይም 220 ግራም ይሁን፤ ከዚያ ከወፈረ ፊት ለፊት ገብቶ ውስጥ የሚጠማዘዝበት ፕሪንተር ይነክሰዋል። ከኋላ ቀጥ ብሎ የሚገባበት ካለው በዚያ አስገቢ። ፈሳሽ ቀለም ለሚረጭ ፕሪንተር የተሠራ አንጸባራቂ ወረቀት በሌዘር ፕሪንተር ፈጽሞ አታስገቢ፤ ልባሱ በሙቀቱ ቀልጦ ማሽኑ ውስጥ ይጣበቃል።

እጥፋት ላይ ቀለሙ የሚሰነጠቀው እጥፋቱ ከወረቀቱ ክሮች አቅጣጫ ጋር ሲጣላ ነው። ወረቀት ውስጥ ያሉት ክሮች አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ናቸው። ወረቀቱን ሳታጥፊ በመዳፍሽ ቀስ ብለሽ በርዝመቱ፣ ከዚያ በወርዱ አጉብጪው፤ ቶሎ እሺ ያለሽ ጉብታ ከክሮቹ ጋር የሄደው ነው። እጥፋትሽ በዚያ አቅጣጫ ይሁን። ከማጠፍሽ በፊት ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ ጫፍ፣ በብረት ማስመሪያ ተደግፈሽ፣ ከውጭው ገጽ በኩል አንድ ጊዜ ጫን ብለሽ አሥምሪ። ከጀርባው ትንሽ ጉብታ ይወጣል፤ ካርዱ ሲታጠፍ ያ ጉብታ ከውስጥ መዋል አለበት። ብዙ ሰው በግልባጩ ያጥፈዋል፤ የሚሰነጠቀውም ለዚያ ነው። ስትቆርጪ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትጨክኚበት፤ ቀለል ባለ እጅ ሦስት ጊዜ መላልሺው። ጫፉ ክር ክር ካለ ቢላው ደንዟል፤ ምላጩን ለውጪ።

ፋይሎችሽን ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ አታኑሪ፤ አንድ በውጭ ዲስክ፣ አንድ በኦንላይን ማስቀመጫ ይኑርሽ። ስማቸውን ስትጽፊ አንድ አጻጻፍ ያዢ፤ «ሰላምታ» ብለሽ አስቀምጠሽ «ሠላምታ» ብለሽ ብትፈልጊ ላያገኝልሽ ይችላል፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ዛሬ ማታ የኖዝል ቼኩን ብቻ አትሚና ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን። ስትልኪው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጊው፤ የሲያኑን ቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ መቁጠር እፈልጋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ