ሥራውን ለምእመናኑ ስጣቸው

ውድ ወንድሜ፣

የጌታ ጸጋና ሰላም ለአንተና ለቤተሰብህ ይብዛ። ድምፃችን ከተጠፋፋ ብዙ ጊዜ ሆነ። ኮዬ ፈጬ የተተከለችውን አጥቢያ እንድትመራ አደራ እንደ ተሰጠህ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ግን ስብከቱም፣ ጉብኝቱም፣ ለቅሶውም በአንተና በሁለት ሽማግሌዎች ጫንቃ ላይ መሆኑን ሰማሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በኤፌሶን 4፥11–12 እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ቅዱሳንን ለአገልግሎት ሥራ ለማዘጋጀት ነው። ጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ መሪዎቿ ሲታሰሩ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በየቤቱ ኅብረቱን የያዙት መድረክ ያልነበራቸው ምእመናን ናቸው፤ ሴቶች ደግሞ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ታዲያ በኮርስ አትጀምር። ሰው ለወራት ተምሮ፣ ምስክር ወረቀት ተቀብሎ፣ ተመልሶ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማንም ይዞት ስለማይወጣ ነው። አንድ ሥራ ምረጥ፤ እኔ ብሆን ጉብኝትን እመርጣለሁ። ለመጀመሪያው ዙር አራት ሰው ይበቃሃል፣ ከዚያ በላይ አብረህ መውጣት አትችልም። አንደበተ ርቱዑን ብቻ አትፈልግ። በብሎኩ ውስጥ ሰው ሲታመም ሳይነገራት ቀድማ የምትደርሰው ማን እንደሆነች ጠይቅ። በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ምእመናን መበለቶቻቸው በዕለት ማዕድ ተዘነጉ ብለው ሲያጉረመርሙ፣ መስፈርቱን ሐዋርያት ተናገሩ፣ ሰባቱን ሰዎች ሕዝቡ መረጠ። የሰባቱም ስም የግሪክ ነው፤ ቅሬታው ከተነሣበት ወገን ሰው መምረጥ ጥበብ እንደሆነ እዚያ ይታያል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉብኝቶች አንተ ምራ፣ የመረጥሃት እኅት ትይ። በሦስተኛው ቃሉን ታንብብ፣ ትጸልይ። በአምስተኛው እሷ ትምራ፣ አንተ ዝም በል። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ የቤቱ ሰዎች ዓይናቸውን ወደ መጋቢው ሲመልሱ አንተ ወደ እሷ ተመልከት። ከዚያ ከሌላ ጀማሪ ጋር ትሂድ። ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ፣ ከመለያየታችሁ በፊት፣ ዐሥር ደቂቃ ቁሙ፦ ምን አየሽ? በድጋሚ ብትገቢ ምን ትለውጫለሽ? ከዚያ የምታርመው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ብዙ መሪ የሚዘልለው ይህን ነው፣ ስሕተትም ልማድ የሚሆነው በዚህ ክፍተት ነው።

ከመውጣታቸው በፊት ግን ወሰኑን አሳውቃቸው። ማርቆስ 6፥7 እንደሚለው ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ። በቤት የሰሙት ምስጢር በኅብረቱ የጸሎት ርእስ ሆኖ አይነገር። ተጸለየልህ ተብሎ ማንም የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ አይመከር። በቤት ውስጥ ድብደባ ካለ፣ ወይም ሰው ራሴን አጠፋለሁ ካለ፣ በዚያው ቀን ለአንተ ይንገሩ፤ ብቻቸውን አይሸከሙት። ገንዘብ ካለ ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ለሕፃናት ትምህርትም እንዲሁ ሁለት አዋቂ ክፍሉ ውስጥ ይኑር።

ሰዓቱንም አስብበት። ሕዝብህ ጎህ ሳይቀድ ወደ መገናኛና ሜክሲኮ ወጥቶ ከመሸ የሚመለስ ነው። ረቡዕ ማታ የጠራኸው ሥልጠና ባዶ ቢሆን ፍቅር ስለጎደላቸው አይደለም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ሰዓት ውሰድ፤ ጉብኝቱንም በየራሳቸው ብሎክ አድርገው፣ የታክሲ ወጪ ይቀርላቸዋል።

ማዕረግ ለመስጠት አትቸኩል፤ ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10 አስቀድመው ይፈተኑ ይላል። የባሰው ግን አንዴ ሲሳሳቱ ሥራውን መንጠቅ ነው፤ ያን ያየ ሌላው እጁን አያነሣም። ሽማግሌዎቹ «ተራ ምእመን ትምህርት ያጣምማል» ብለው ከሰጉ፣ ድንኳን ሰፊዎቹ ባልና ሚስት ጵርስቅላና አቂላ ሰባኪውን አጵሎስን ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ በትክክል እንደ ገለጡለት፣ ከማስተማር ግን እንዳልከለከሉት አሳያቸው።

አራቱን ስትመርጥ ጻፍልኝ። ሽማግሌዎቹ የሚያነሡትን ጥያቄ ሁሉ አንድም ሳታስቀር ላክልኝ፣ አብረን እናስብበታለን።

የሚወድህ ወንድምህ