ደብዳቤ ለልጄ፦ ሐይቃችን ገና አልወደመም

ውድ ልጄ ማህሌት፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ በእንግሊዝኛ የጻፍሽውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። አዳማ ተቀምጠሽ የሐይቃችን ነገር እንቅልፍ እንደነሳሽ ስላየሁ ደስ ብሎኛል። ሐሳብሽን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ በቃላት ምርጫሽ ግን አልስማማም።

ሐይቁ በጽሑፍሽ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ዲስትሮይድ» (የወደመ) ነው፤ ወረድ ብሎ «ሩይንድ» (የፈረሰ)፣ ከዚያ «ዲቫስቴትድ» (ባዶ የቀረ) ይሆናል። አንድ ቃል ላለመደጋገም ብለሽ ከተመሳሳይ ቃላት መዝገብ እንደወሰድሻቸው ያስታውቃል። እንዲህ ዓይነቱን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዝምድናቸው ነው የሰበሰባቸው። ተዛማጅ ይሁኑ እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

እኔ ኢንሹራንስ ቢሮ ስውል ሥራዬ እነዚህን ቃላት መመዘን ነው፤ ውሉም ሪፖርቱም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በቅርቡ አንድ ባጃጅ ከሚኒባስ ጋር ተጋጭቶ ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ፓራብሬዛው ረግፏል፣ የፊት ፓራፋንጎው ተጨማዷል፤ ይህ «ዳሜጅ» ይባላል። የአሽከርካሪው ጉልበት ግን «ኢንጁሪ» እንጂ «ዳሜጅ» ተብሎ አይመዘገብም፤ በሪፖርታችን የመጀመሪያው የንብረት፣ ሁለተኛው የሰው አካል ነውና። «ዳሜጅ» ደግሞ በብዙ ቁጥር ሆኖ ፍርድ ቤት ሲገባ ጉዳቱ መሆኑ ይቀርና ተጎጂው የሚጠይቀው የካሳ ገንዘብ ይሆናል። አንድ ተሽከርካሪ «ቶታል ሎስ» ከተባለ ጋራዥ አይገባም፤ ጥገናው አያዋጣም ተብሎ ተወስኗልና። ባለንብረቱ ምን እንደሚደርሰው የሚለየው በእነዚህ ቃላት ነው።

«ዲስትሮይ» ከላቲን ሲመጣ የተገነባውን ማፍረስ ማለት ነበር። «ሩይን» ከመውደቅና ከመደርመስ ይነሳል፤ አክሱም ያለው የዱንጉር ፍርስራሽ «ሩይንስ» ቢባል ተገቢ ነው። ሀብቱን ሁሉ ያጣ ነጋዴም «ሩይንድ» ይባላል። «ዲቫስቴት» ባዶ ማስቀረት ነው፤ ጦርነት ወይም ጎርፍ ጠራርጎ ለሄደበት አገር ይስማማል፣ ሐዘን ልቡን ለሰበረው ሰውም ይነገራል። «ስፖይል» (ማበላሸት) ለወተትና ለምግብ፣ ቅምጥል ለሆነ ልጅም ይሆናል። «ኢምፔር» (ማዳከም) ለደከመ ዓይንና ጆሮ ነው። ስለ ዓሣው የጻፍሽውን «ዲሲሜትድ» ደግሞ ተጠንቀቂበት። መነሻው የሮማ ሠራዊት ከአሥር ወታደር አንዱን በዕጣ የሚገድልበት ቅጣት ነው። ዛሬ አብዛኛውን ክፍል ለጨረሰ እልቂት ይነገራል፤ ያን ያህል ዓሣ ስለማለቁ ግን ጽሑፍሽ ማስረጃ አላቀረበም።

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ብትሄጂ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያወጡ፣ ልጆቹ በቢላዋ ሲገፉት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀቱን ለመንጠቅ ሲሻሙ ታያለሽ። ታዲያ ይህ ሐይቅ «ዲስትሮይድ» ነው? አይደለም። ደህና ነው ማለቴም አይደለም። ሐይቁ በምድር ላይ የሚፈስበት መውጫ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝም ሆነ በከተማው ቦዮች የሚገባው ደለልና ቆሻሻ መሄጃ አጥቶ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ለዚህ «ፖሉትድ» (የተበከለ) ወይም «ዲግሬድድ» (ይዞታው የተጓደለ) በይ፤ ሁለቱም ጉዳቱን ይናገራሉ፣ የመዳኑንም በር አይዘጉም። ከባዱን ቃል ለጎረቤቱ ለጨለለቃ አስቀምጪው። እርሱ በደለል ተሞልቶ ከሐይቅነት ወደ ረግረግነት ተለውጧል፤ ለእርሱ «ሎስት» (የጠፋ) ብትዪ ማንም አይከራከርሽም።

ይህን ሁሉ የምልሽ ጽሑፍሽን የሚያነብ ሰው ገንዘብ ወይም ሥልጣን ያለው ሊሆን ስለሚችል ነው። ሐይቁ ወድሟል ብለሽ ከነገርሽው እኛ ጥገናው የማያዋጣ ተሽከርካሪን ፋይል «ቶታል ሎስ» ብለን እንደምንዘጋው ይዘጋዋል፤ ለጠፋ ነገር ማን በጀት ይመድባል? እኔ ደግሞ ይህ ሐይቅ እንዲጠገን እፈልጋለሁ፤ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያውን አንቀጽ እንደገና ጻፊውና ላኪልኝ። የቦዮቹን ጉዳይ ከመጨረሻው ገጽ አንስተሽ ፊት አድርጊው። አባትሽም ለማንበብ እየጠበቀ ነው።

እናትሽ፣ ከሐዋሳ