የሚዘጋ በር ያለው ክፍል፦ የሥነ ልቦና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሥነ ልቦና ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለሚሉ ሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ክበባችን ሕክምና አይሰጥም። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጆቹን የእርስ በርስ ሐኪም እያደረጋችኋቸው ነው» የሚል ቅሬታ ቀርቦብን ነበር። ቅሬታው ከስጋት የመጣ ስለሆነ አልተቀየምኩም፤ መልሱ ግን እዚህ በጽሑፍ ይቀመጥልኝ። ከባድ ነገር የገጠመው ተማሪ ሲኖር ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ እንወስደዋለን። ይህ የክበቡ የመጀመሪያ ደንብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጊዜ አልተጣሰም። እኛ የምንለማመደው ማዳመጥን ነው። ማዳመጥ ደግሞ ልምምድ የማያሻው ነገር የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው።

የዘንድሮው ርዕሳችን ሰብዓዊ ሥነ ልቦና ነበር። የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። አምና ስለ ፍሮይድና ስለ ስኪነር ስንማር አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ጤነኛውን ሰው የሚያጠናው ማነው?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ የእረፍቱን ጊዜ ሙሉ ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም። አሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎውንም ያስጨነቀው ይኸው ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሥነ ልቦናው ዓለም በሁለት ትልልቅ ጎራዎች የተከፈለ ነበር፤ የፍሮይዱ ጎራ ሰውን በልጅነት ቁስሉና በተደበቀ ፍላጎቱ ያብራራዋል፣ የስኪነሩ ደግሞ በሽልማትና በቅጣት በሚቀረጽ ባህርዩ። ማስሎው፣ ካርል ሮጀርስና መሰሎቻቸው «ሦስተኛው ኃይል» የተባለውን መንገድ ይዘው መጡ። ሰው የመምረጥ አቅም አለው፣ ሁኔታው ከተመቻቸለትም ወደ ማደግ ያዘነብላል አሉ።

የተሰበሰብነው ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው። አራት ሳምንት ስለ ማስሎው፣ የቀረውን ጊዜ ስለ ሮጀርስ ተማርን፤ የግድግዳ ጽሑፍም ሁለት ጊዜ አወጣን። አንደኛው ላይ የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ የሚያሳየውን፣ በማስሎው ስም የሚታወቀውን ባለ አምስት እርከን ፒራሚድ በትልቅ ካርቶን ሥለን ሰቅለን ነበር። በሳምንቱ አንድ ተማሪ የማስሎውን የ1943 ጽሑፍ አንብቦ መጣና በውስጡ ምንም ፒራሚድ እንደሌለ ነገረን። እውነቱን ነው፤ ሥዕሉን በኋላ ያመጡት ሌሎች ናቸው፤ ማስሎው ራሱም የፍላጎቶቹ ቅደም ተከተል ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ጽፏል። ካርቶኑን አወረድነው። ቀለሙና ካርቶኑ የመንፈቅ ዓመቱን በጀታችንን ግማሽ እንደበሉ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ሮጀርስ (1902–1987) ወደ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት ከመዛወሩ በፊት ሮቸስተር በተባለች የአሜሪካ ከተማ ለ12 ዓመት ችግር ከገጠማቸው ልጆች ጋር ሠርቷል። የሚያመውን ቦታ ከማንም በላይ የሚያውቀው ባለጉዳዩ ራሱ መሆኑን የተማረው እዚያ ነው። ስለዚህም «ታካሚ» ማለትን ትቶ «ተመካሪ» አለ። በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ የሚያስፈልጉትን ሁኔታዎች ሲዘረዝር ከአማካሪው የጠበቀው ሦስት ነገር ነው፤ የሚሰማውን ደብቆ እንዳያስመስል፣ ተመካሪውን ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲቀበለው፣ ነገሩንም በተመካሪው ዓይን ለማየት እንዲጥር። ሁለተኛው ብዙ አከራከረን። ሰውን መቀበል ማለት የሠራውን ሁሉ ማጽደቅ አለመሆኑ እስኪገባን ድረስ ሁለት ረቡዕ አለፈ።

ሮጀርስ በምክር ክፍል ውስጥ የሚባለውን ቀድቶ ለጥናት በማቅረብም ቀዳሚ ነው። በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ተመካሪ ውይይቶች ከድምፅ ቅጂ ቃል በቃል ተገልብጠው ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል። እኛም በዚሁ መንገድ ሄድን። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ ሌላው ምክር ሳይሰጥ፣ የራሱን ገጠመኝ ሳይጨምር የሰማውን ብቻ በራሱ ቃል ይመልሳል። በፈቃዳቸው በስልኬ እቀዳቸዋለሁ፤ አብረን ካዳመጥን በኋላ ይጠፋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የክርክር ክበብም አባል የሆነች አንዲት ልጅ የመጀመሪያ ቅጂዋን ስትሰማ፣ ጓደኛዋን ባቋረጠች ቁጥር ወረቀቷ ላይ አንድ ጭረት ትጭር ነበር። ጭረቶቹ አሥራ አንድ ደረሱ። ምንም ሳትናገር ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ይህችው ልጅ ክፍል ከሚደግም ተማሪ ጋር ተጣመረች። ይህን የምጽፈው በሁለቱም ፈቃድ ነው፤ ልጁ ረቂቁን አንብቦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዞብኛል። ሲናገር እምብዛም የማይሰማ ልጅ ነው። ያን ዕለት እግሮቹን በወንበሩ እግር ላይ ጠምጥሞ ተቀመጠና «ሒሳብ አልጠላም፤ የምጠላው ፈተና ሲመለስ ነው» ብሎ ጀመረ። ወረቀት የሚታደለው ከከፍተኛው ውጤት ወደ ዝቅተኛው እየተጠራ እንደሆነ፣ የእሱም ስም ሁልጊዜ መጨረሻ አካባቢ እንደሚመጣ ተናገረ። ልጅቷ አፏን ስትከፍት አየኋት። «አይዞህ» ልትለው ነበር፤ ተወችው። ትንሽ ቆየችና «ስምህ እስኪጠራ መጠበቁ ነው የሚያስጨንቅህ» አለችው።

«አይደለም» አላት። «መጠበቁን ለምጄዋለሁ። ወረቀቴን ልቀበል ስሄድ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። እንዳላፍር ብለው ነው።»

«እያዘኑልህ መሆኑ ነው የሚከብድህ።»

«አዎ። እሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ በቅጂው ላይ ሃያ ሰከንድ ያህል ነው። ልጁ እግሮቹን ከወንበሩ ፈትቶ ዘረጋ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የጠፋብኝ» አለ። የልጅቷ የመጀመሪያ ግምት ስህተት እንደነበር ልብ በሉልኝ። ሮጀርስም የሰማነውን መልሰን የምንናገረው «እንዲህ ነው ያልከኝ?» ብለን ለመጠየቅ እንደሆነ ነው ያስረዳው። ተናጋሪው «አይደለም» ለማለት ካልፈራ ማዳመጡ ሠርቷል ማለት ነው።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ወረቀት በውጤት ቅደም ተከተል እየጠራሁ አሥራ አራት ዓመት አድያለሁ። ከዚያች ረቡዕ ወዲህ ወረቀቱን አጥፌ በየተማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ሮጀርስና ስኪነር በ1956 ያደረጉትን ክርክር መነሻ አድርገን ከክርክር ክበብ ጋር ተከራከርን፤ በተመልካች ድምፅ ተሸነፍን። የስኪነርን ወገን የያዙት «ራስን እውን ማድረግ፣ ማለትም ሰው ያለውን አቅም ሁሉ ማውጣቱ የምትሉት፣ በምን ይለካል?» ብለው ያዙን፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዚህ አቀራረብ ደካማ ጎንም እዚያ ላይ ነው። የእኛ ልጆች ግን በአማካሪና በተመካሪ መካከል ያለው ግንኙነት ጥሩነት ከምክሩ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ ከሮጀርስ በኋላ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች መታየቱን ማንሳት ነበረባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ተዘጋጅተን እንመለሳለን። የጉብኝት ጉዟችን ትራንስፖርት ባለመገኘቱ ሁለት ጊዜ ቀርቷል።

የድንቹንም ነገር ብዙዎች ስለጠየቁኝ ልንገራችሁ። ሮጀርስ በልጅነቱ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ የተከማቸ ድንች ከሩቅ ወዳለች ትንሽ መስኮት ነጭ ቡቃያውን ሲዘረጋ ማየቱን አስታውሶ ጽፏል፤ ሰውም በማይመች ቦታ ሆኖ እንዲሁ ወደ ሕይወት ይዘረጋል ለማለት። እኛም ሁለት ካርቶን አዘጋጅተን በየጎናቸው አንድ አንድ ቀዳዳ በስተን ድንች አስቀመጥን። አንደኛው ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ተጣለ። ሁለተኛውን በዓመቱ መጨረሻ ስንከፍተው ቡቃያው እንደ እርሳስ ቀጥኖ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሁለት ቦታ ታጥፎ ቀዳዳው ጋ ደርሷል። ጫፏ ላይ ብቻ አረንጓዴ ነበረች።

ዕቃ ቤቱ ያልኩት የምንሰበሰብበትን ክፍል ነው። ልጁ «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የጠፋብኝ» ከማለቱ በሩ ተከፈተና ወንበር ፈላጊዎች ገቡ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ወንበሩ ያለው እዚያ ነው። ልጁ እግሮቹን መልሶ ጠመጠመ፤ ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረም። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለወላጅ ኮሚቴው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለው ክፍል ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ ከውስጥ የሚዘጋ በርም አለው። ለረቡዕ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቁልፉ ይሰጠን።